ተራው የእንጨት ሳጥን

ከሸዋ ሮቢት ወደ ማጀቴ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ጥቁር የለበሱ እናት ጎናቸው ላለው ሰውዬ ስለ ባላቸው ቀብር ያወራሉ።

«ሳጥን ሻጩ የሚያብረቀርቁትን ብቻ አሳየኝ። ተራ የእንጨት የለህም ወይ ስለው፣ ‹ለባለቤትዎ ተራ ይመጥናል?› አለኝ።»

«እንዴ! ምን አሉት ታዲያ?»

«ከመጋረጃው ጀርባ አንድ አየሁና እሱን አውጣልኝ አልኩት። ያለ አበባና ያለ መኪና ለብቻው አልሸጥም አለ።»

«ማስገደድማ አይችልም፣ እትዬ! የፈለጉትን ብቻ መግዛት መብትዎ ነው።»

«እኔም ይኸንኑ ብዬ ከደጁ አልነቃነቅም አልኩ። በመጨረሻ ሸጠልኝ። ጎረቤቶቼ አስከሬኑን በሳጥኑ አድርገው በትከሻቸው ተሸክመው፣ በማሽላው መሀል ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዱልኝ።»

«ደግ አደረጉ።»

«ግን ባለቤቴ ቅር ብሎት ይሆን እያልኩ ስጨነቅ ከረምኩ። ዛሬ ንጋት ላይ በህልሜ አየሁት። ከግቢያችን ማንጎ ጥላ ስር ጫማውን አውልቆ ተጋድሟል። ‹ተመቸህ ወይ?› አልኩት።»

«ምን አሉ?»

«‹ቀስ ብለሽ አውሪ፣ ነፋሱ ደስ ይላል› አለኝ።»

መውረጃዬን ማለፋችንን እያየሁ ጮክ ብዬ «ወራጅ አለ» ለማለት አፌ እምቢ አለኝ።