የደመና ፍራሽ ጠበቆች

— ሄሎ! … አቤት አማቼ! … ቆይ፣ ወደ መስኮቱ ልጠጋ … አሁንስ? … እሺ። ከመጀመሬ በፊት፣ ከምነግርህ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝባት ምላሴ እዚሁ ይድረቅ! የእግዜር እውነት ነው።

— ምን? … ማተሚያ ቤት ነህ? ጨርቁ ማሽን ላይ ወጥቷል? … ታዲያ ምን ትጠብቃለህ፣ አሳትም እንጂ! አራት መቶውንም የፍራሽ ጨርቅ! ያስመዘገብኩትን የድረ ገጽ ስም በትልቁ፣ «ደመና ፍራሽ ቤት» ብለህ!

— የማን ጠበቃ? … እ … የደመና ፍራሽ ፋብሪካ። መጥተዋል፣ ትናንት። ሦስት ጠበቃ፣ ቢሮዬ ድረስ! … ወርክሾፑ ነዋ፣ ሌላ ምን ቢሮ አለኝ። … «ደመና» የንግድ ምልክታችን ነው፣ እናንተም ፍራሽ ነው የምትሸጡት፣ ገዢው እኛን እየመሰላችሁት ከእናንተ ይገዛል አሉ። … እኔማ ምን እላለሁ! ብድግ አልኩና፣ «ጌቶቼ፣ እኔ ‹ቤት› ጨምሬበታለሁ። ቤት ያለውና ቤት የሌለው መቼ እኩል ሆኖ ያውቃል? ደመናውም ቢሆን የፈጣሪ ነው፤ ሰማዩን ያስመዘገበ ካለ ወረቀቱን ያሳየኝ!» አልኳቸው። … ላብ በላብ ሆኑ። አምስቱም። … ሦስት አልኩ እንዴ? ሁለቱ ደጅ ቆመው ነበር።

— (ኧረ ቁጭ በል አትበይኝ! … በሩን ማነው የሚነካው? … ነፋስ ነው? እሺ።) ይቅርታ፣ እህትህ ናት። ትራስ እየሞላች ነው።

— ከዚያማ አለቃቸው፣ ያ ራሰ በራው፣ «ስሙስ ይቅር፤ አንተ ናና ፋብሪካውን ምራልን» ብሎ እጄን ሊስም! … አትሳቅ!

— ባለፈው ለላኩት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ምን ብዬ መለስኩ? … አጭር ደብዳቤ ናት … ዝርዝሩ ምን ያደርግልሃል? … ሄሎ? ትሰማኛለህ? … አልጠፋሁም፣ እየተንጎራደድኩ ነው።

— አውቃለሁ፣ ያለህን ሁሉ እዚያ ጨርቅ ላይ አፍስሰሃል። … ማንም አይከስህም አልኩህ! … እህትህን? በደስታ! እዚሁ ነበረች። (ነይ እስቲ፣ ዘጠኙ ጠበቃ እንዴት እንደተርበደበዱ ንገሪው። እንኪ።)

— ሄሎ፣ ወንድም ጋሼ … ደህና ነኝ። አንተስ? … አዎ፣ ነበርኩ። … አንዲት ሴት ጠበቃ ናት የመጣችው። ብቻዋን። … የለም፣ ማንም አልጮኸም። ውሃ ጠየቀችኝ፣ ሰጠኋት።

— እሱ የጻፈላቸውን መልስ ይዛ ነበር … «ደንበኞቻችሁ እየተሳሳቱ እኛ ጋ እንዲመጡ ብዬ ነው ስሙን የመረጥኩት፤ ከፈለጋችሁት መጥታችሁ ለምኑኝ» ይላል። … በራሱ እጅ፣ አዎ። «ዳኛ ፊት ሌላ ማስረጃ አያስፈልገንም፣ ይቺኑ እናነባለን» አለች።

— ምን ይላል … ስሙን ትቻለሁ የሚል ወረቀት ፈረመላት። ስሙ ከትናንት ጀምሮ የነሱ ነው፤ አንድ ጨርቅ ላይ ከታየ እንከሳለን ብላለች። … አሳታሚውን፣ አዎ። አንተን። … ዛሬ ይነግርሃል ብዬ ነበር።

— እሱ? ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሯል … ወንድም ጋሼ፣ የማሽን ድምፅ ይሰማኛል። … ሂድ፣ አስቁመው። … ሂድ፣ ስልኩን እኔ እዘጋዋለሁ።