አርባ የተባለው መስኮት

«አባባ፣ ወገብዎ እንዴት አደረ? ተሻለዎት?... ተመስገን። ይቺ ወንበር ናት የምትጎዳዎ፤ አንድ እግሯ አጭር ነው። ማን እንደለካው እንጃ...»

ትልቋ ምራት ይህን የምትለው ብየዳ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆማ፣ የአማቷን የጀርባ ትራስ እያስተካከለች ነው። ሽማግሌው ዛሬ የብየዳ ቤቱን ቁልፍ ከሁለቱ ልጆቻቸው ለአንዱ ሊያስረክቡ ነው። ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ እጃቸውም አብሮት ገብቷል። የሷ ባል፣ በኩሩ፣ የጤና ጣቢያውን መስኮቶች አሳንሶ ቆርጦ ቤቱን አዋረደ ተብሎ ተከሷል። ከሳሹ ታናሽ ወንድሙ ደግሞ እዚያው አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ የብረት መቁረጫውን ግራይንደር ይወለውላል። እሷ ወደሱ ዞር ብላም አላየች።

«ትላንት ጤና ጣቢያ ደርሼ መጣሁ አባባ። ውይ፣ መስኮቶቹ ሲያምሩ! ነርሷ ምን አለችኝ መሰለዎት? ‹ዘንድሮ ፀሐይም በወረፋ ልትገባ ነው።› አንዱን ፍሬም ወደ ግድግዳው ቀዳዳ ቢያስጠጉት ሹልክ ብሎ ወዲያ ማዶ ወደቀ አሉ። መስኮት በመስኮት ዘሎ ሲያመልጥ አይተው ያውቃሉ?... እኔም ገና አሁን ሰማሁ።

«የኔው መቼም ጅል ነው፣ ምን እደብቅዎታለሁ። የለካው ሰው ‹አርባ!› ብሎ ሲጮህለት አርባ ሴንቲ ቆርጦ ቁጭ። የሽንት ቤት መስኮት መሰለው! ምን ያድርግ፣ እርስዎ ያሳደጉት ልጅ ነው። በዚህ ቤት ቁጥር ብቻ ነው የሚጠራው፤ ሴንቲ መሆኑን ግድግዳው ሳይቀር ያውቃል። ለካስ ለክቶ የጮኸው ሰው ሌላ ብየዳ ቤት ተቀጥሮ ሠርቶ የመጣ፣ የሠለጠነ፣ ሕልሙን እንኳ በኢንች የሚያይ ሰው ኖሯል! አርባ ኢንች እኮ ከአንድ ሜትር ያልፋል አሉ... እንዲህ ያለ ሊቅ አጠገባችን ተቀምጦ፣ እኛ ስንደናበር።

«ደሞ አስተዋይነቱ! የመለኪያ ሜትሩ በአንድ ጠርዙ ኢንች፣ በሌላው ሴንቲ አይደል? ‹ሁለት ባላ ትከል› ማለት ይኸው ነው። በኢንቹ ይለካል፣ ነገር ሲመጣ በሴንቲው ይንጠለጠላል። ‹አስር ጊዜ ለክተህ አንዴ ቁረጥ› ይባል የለ? አንዳንዱ ግን ፈጣን ነው አባባ... አንዴ ይለካና ወንድሙን አስር ጊዜ ይቆራርጣል።»

የታናሹ መወልወያ ጨርቅ ግራይንደሩ ላይ ቀጥ አለ። የሽማግሌውም እጅ ቁልፉን እንደጨበጠ ኪሳቸው ውስጥ ቀረ።

«እኔ እኮ ሰው አላማሁም፣ ምላሴን ይቁረጠው! እንዲህ ያለ ልጅ ማን ያገኛል? ድምፁ ብቻ ይበቃል። ‹አርባ!› ሲል ሰፈሩ ያዳምጣል። ‹ኢንች› የምትለዋ ላይ ነው እንጂ ትንሽ ጉሮሮው የሚዘጋው... ይስጡት ቁልፉን፣ ግዴለም። የኔው የታናሹ ቅጥር ሆኖ ይኖራል። የቆረጠውን ሳይሆን ያልቆረጠውን እየተጠየቀ... ለምዶታል።

«እኔማ መመረቅ ነው የማውቀው። ያሳድግልን! ክፉ አይንካው! ይህን በር እየከፈተ መቶ ይኑር!... መቶ ምን? ኧረ እኔ ምን አገባኝ አባባ፤ የቤታችን ደንብ ቁጥር ብቻ መጥራት ነው።»