የክሊፍ ወዳጅ

ግሌኒስ ወደዚህ ቢሮ የመጣች ቀን ሻይ ያፈላሁላት እኔ ነበርኩ። አንዴ ፉት አለችና፣ «ይሄ ሻይ ነው ወይስ የሻይ ጥላ?» አለችኝ። ማፍያውን ከእጄ ተቀበለች፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልመለሰችም።

የትኛውንም ጉዳይ ይዛችሁ ብትገቡ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ትገፋና፣ «እሱ ምን አለ?» ትላለች፤ ባለጉዳዩን ማለቷ ነው። ጠበቃችን ኮሊን ስለተበላሸው ማተሚያ ሊነግራት ሲገባ፣ «ማሽኑ ምንም አላለም» ብሎ ነው የጀመረው።

ደንበኛችንን ክሊፍ ሞክሰንን የጭነት መኪና ገጭቶት አእምሮው ሲጎዳ፣ ክሱን ራሱ መምራት ስለማይችል ፍርድ ቤት ግሌኒስን በእሱ ቦታ ሾማት። ሕጉ እንዲህ ያለውን ሰው «የሙግት ወዳጅ» ይለዋል። ክሊፍ የያዘው ሁለተኛውን ቃል ብቻ ነው።

«ወዳጄ ከሆንሽ ቅዳሜ ለምን አትመጪም? እርግቦቼ ከበረራ ውድድር ይመለሳሉ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ቃሉን ያብራራለት ነበር። እሷ ቦቲዋን አድርጋ ሄደች። ዕለቱ ምን እንደሆነ የሚጠፋው ሰው እያንዳንዷን እርግብ ገና ከሩቅ በስሟ ሲጠራ አየች።

በኋላ የጭነት መኪናው ኢንሹራንስ እንታረቅ አለ። ካሳው የተሰላው ግን ክሊፍ ቤቱን ትቶ መጦሪያ እንዲገባ ታስቦ ነበር።

«ፈርሚ እንጂ ግሌኒስ!» አለ ኮሊን።

«ክሊፍ ምን አለ?»

«ኧረ በፈጠረሽ! እሱ መወሰን ቢችል አንቺን ለምን ሾሙሽ?»

«መወሰን አይችልም አሉ እንጂ መናገር አይችልም አላሉም።»

ሄዳ ጠየቀችው። «እርግቦቼስ?» አላት። አልፈርምም አለች። ሙግቱ ሲራዘም ኮሊን ፊት ነሳት። ብንሸነፍ ክሊፍ የቀረበለትንም ካሳ ያጣ ነበር፤ ይህን ስለምታውቅ ያን ክረምት ከስታ ነበር። በመጨረሻ ዳኛዋ ያጸደቁት ስምምነት አስታማሚ ቤቱ ድረስ እንዲመጣለት የሚያደርግ ነው። እርግቦቹም ከጓሮው አልተነቃነቁም።

ግሌኒስ፣ እናመሰግንሻለን። ዛሬ ማንኛችንም ሰውየውን ሳናነጋግር ወረቀት አንፈርምም። ኮሊንም ጭምር።

ያውልሽ ክሊፍ፣ በሩ አጠገብ ኬኩን እየበላ ነው። ምን እንደምትጠይቂኝ ስለማውቅ፣ ይህን ንግግር ከመጻፌ በፊት ሄጄ ጡረታ ልትወጪ መሆንሽን ነገርኩት።

ምን አለ?

«ጡረታ የምትወጣው ከእናንተ ነው እንጂ ከእኔ አይደለም። ቅዳሜ ትመጣለች።»

በሉ፣ ብርጭቋችሁን አንሡ። ለግሌኒስ፦ ጤና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የጠራ ሰማይ፣ ወፈር ያለም ሻይ!