የመርፌዋ ነገር

(ድሬዳዋ፣ ከከተማው ወጣ ያለ ሜዳ፤ የሱሉልታው የሞዴል አውሮፕላን ክለብ መሥራች ጋሽ ወንድይፍራውና እሳቸው ለዓመታት ያስተማሯት ልዕልና ለውድድር ባመጧት ትንሽ አውሮፕላን ላይ ጎንበስ ብለዋል፤ ከፊታቸው የቀረው አንድ ቡድን ብቻ ነው።)

ወንድይፍራው፦ እጅሽን ከነዳጅ መርፌዋ ላይ አንሺ ብያለሁ።

ልዕልና፦ አላነሳም።

ወንድይፍራው፦ ምን አልሽ?

ልዕልና፦ አላነሳም አልኩ። መርፌዋ እንዲህ እንደጠበቀች ከተነሳን ሞተሩ ነዳጅ አንሶት አየር ላይ ይቃጠላል።

ወንድይፍራው፦ ሱሉልታ ሳለን በገዛ እጄ ነው ያስተካከልኩት። ያለቀለት ነገር አይነካም።

ልዕልና፦ ሱሉልታ ሌላ፣ ድሬዳዋ ሌላ። እዚያ አየሩ ስስ ነው፤ ትንሽ ነዳጅ ይበቃዋል። እዚህ ቆላ ወርደናል፤ አየሩ ወፍራም ነው። በዚያው ልክ ነዳጅ ካልተጨመረለት ደርቆ ይቀራል። ይኼን ያስተማረኝ ማን ሆነና?

ወንድይፍራው፦ እኔ ነኝ። ያስተማርኩሽ እኔው ነኝ አሁንም አትንኪ የምልሽ።

ልዕልና፦ ይኼ መልስ አይደለም።

ወንድይፍራው፦ ጠዋትም እንዲሁ ነበር ያደረገሽ። ትልቁን ሞተር ይዤ ብመጣ «አይሆንም፣ የሚታሰረው ትንሹ ነው» አልሽኝ። ዝም አልኩ።

ልዕልና፦ ኧረ ዝም አላሉም። ከሆቴሉ እስከዚህ ሲያጉረመርሙ ነው የመጡት።

ወንድይፍራው፦ ጉልበት ያስፈልጋታል ነው ያልኩት። ይኼ ማጉረምረም ነው?

ልዕልና፦ ትልቁ አፍንጫዋን ያከብደዋል። ልታርፍ ስትል በአፍንጫዋ ነበር የምትተከለው። እርስዎም ያውቁታል። የአዳማው ቡድን ትልቅ ሞተር አስሮ ሲያዩ ነው ልብዎ የሸፈተው።

ወንድይፍራው፦ እሺ፣ በሞተሩ አሸነፍሽኝ። መርፌዋን ግን ልቀቂ። ሁለት ዙር ከሩብ ነች። ከዚያ ወዲህም ወዲያም አትልም።

ልዕልና፦ ስንት ነች?

ወንድይፍራው፦ ሁለት ዙር ከሩብ።

ልዕልና፦ ጋሼ፣ ከመቼ ወዲህ ነው ዙር መቁጠር የጀመሩት?

ወንድይፍራው፦ ምን ማለትሽ ነው?

ልዕልና፦ ዙር በሚቆጥር ሰው ሲስቁ አልነበር እንዴ? አንገትዎን ዘመም አድርገው፣ ዐይንዎን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ከዚያ የነዳጅ ቱቦዋን በሁለት ጣት ቆንጠጥ። ሞተሩ ለአፍታ ከፍ ብሎ ከጮኸ «ይኼ ደህና ነው» ይላሉ። ድምፁ ወዲያው ከወረደ «ነዳጅ አንሶታል፣ ክፈቺለት» ይላሉ። ቱቦዋን ከቆነጠጡ ስንት ጊዜዎ ነው?

ወንድይፍራው፦ ሰው ሲያረጅ ይጠነቀቃል። ተራችን እየደረሰ ነው ልዕልና፤ ወሬውን ተይውና ነዳጅ ሙዪ።

ልዕልና፦ ሞልቻለሁ። ተራችን ስለደረሰም ነው አሁን የምጠይቅዎት። ባለፈው ወር ቢጫዋ አውሮፕላን ለምን ወደቀች?

ወንድይፍራው፦ ነዳጁ ነው። ሜታኖሉ ላይ የጉሎ ዘይቱ አንሶ ነበር። የቀላቀልሽው ደግሞ አንቺ ነሽ።

ልዕልና፦ ዘይቱ አላነሰም። ክለቡ ሁሉ ባለበት «የልዕልና ጥፋት ነው» ሲባል ዝም አልኩ እንጂ አላነሰም። ሳትነሳ በፊት ሞተሩ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሲሄድ ሜዳው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ነዳጅ አንሶት ነው የሚጮኸው። እርስዎ አጠገቡ ቆመው «እንዴት ያለ ድምፅ ነው» አሉ። አውራ ጣትዎን አነሱልኝ።

ወንድይፍራው፦ ነፋስ ነበር።

ልዕልና፦ ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም ነበር።

ወንድይፍራው፦ ነፋስ ነበር አልኩሽ።

ልዕልና፦ እሺ፣ ይሁን። ዛሬ ጠዋት ከኋላዎ ደጋግሜ ስጠራዎትስ?

ወንድይፍራው፦ ሰምቼሻለሁ። በሞተሩ ነገር አኩርፌ ነው ያልመለስኩልሽ።

ልዕልና፦ ቁርስ ቀርቧል ነበር ያልኩዎት። ሳይበሉ ነው የመጡት።

ወንድይፍራው፦ እሺ፣ አልሰማሁሽም።

ልዕልና፦ ጋሼ።

ወንድይፍራው፦ የሰው ድምፅ ይሰማኛል፣ ፊት ለፊቴ ከሆነ። ሞተሩም ሲነሳ ይሰማኛል። ቀጭኑ ድምፅ ነው የራቀኝ። አንዴ ከተነሳ በኋላ ቢወፍርም ቢቀጥንም ለኔ አንድ ነው። ይኼን ለሰው ብትናገሪ አልምርሽም።

ልዕልና፦ እስካሁን ለማን ተናገርኩ?

ወንድይፍራው፦ አልተናገርሽም። እሱንስ አልክድም። ግን ይኼን ሁሉ ሰው እዪው። ልጁን ትከሻው ላይ አውጥቶ «ወንድይፍራው ሞተር ሲያዳምጥ ላሳይህ» እያለ የመጣ አለ። ዛሬ ከመርፌዋ ርቄ ስቆም ምን ይላል?

ልዕልና፦ ያሻውን ይበል። ይቺ ከወደቀች ሌላ አውሮፕላን የለንም፤ ክለቡም እዚሁ ሜዳ ላይ ያበቃለታል። ያኔ የሚባለው ይብሳል።

ወንድይፍራው፦ እንግዲያው እንዲህ እናድርግ። መርፌዋን እኔ ላዙር፤ ልኩ ላይ ስትደርስ ትከሻዬን ነካ አድርጊኝ። ማንም አያይም።

ልዕልና፦ አይሆንም።

ወንድይፍራው፦ ምን ይቀርብሻል?

ልዕልና፦ ብዙ ነገር። ባለፈው ዝም ብዬ ስሜ ጠፋ፤ አውሮፕላናችንም ጠፋች። አሁን ደግሞ ከጀርባዎ ቆሜ ትከሻ የምነካ አይደለሁም። የምሰማው እኔ ከሆንኩ የማዞረውም እኔ ነኝ።

ወንድይፍራው፦ በኔ ክለብ?

ልዕልና፦ በእርስዎ ክለብ። ካልወደዱት ማታ ያባርሩኝ፤ አሁን ሥራ ላይ ነኝ።

ወንድይፍራው፦ ጥጋብሽ ለከት አጣ። እኔስ ምን ልሁን? ሄጄ ከተመልካች ጋር ልቀመጥ?

ልዕልና፦ ጭራዋን ይያዙልኝ።

ወንድይፍራው፦ ጭራ የሚይዘው ጀማሪ ነው።

ልዕልና፦ አውቃለሁ። እርስዎ መርፌ ሲያዞሩ፣ እኔ ከኋላ ተንበርክኬ የሞተሩ ዘይት ፊቴ ላይ ሲረጭ ስምንት ዓመት ይዣለሁ። አንድ ቀንም አላፈርኩበትም። ሞተሩ ሙሉ ጉልበት ላይ ሲሆን አጥብቆ የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ፤ ከእርስዎ የተሻለ አላውቅም።

ወንድይፍራው፦ ሸሚዜ ነጭ ነው።

ልዕልና፦ ይታጠባል። ይኸው ተጠራን። ሞተሩ እንዲነሳ ካንዴላዋን በባትሪ ላግላት ነው። ይይዛሉ ወይስ ሌላ ሰው ልጥራ?

ወንድይፍራው፦ ማንንም አትጥሪ። ወዲያ በይልኝ፣ ልንበርከክበት። ይኸው ይዣለሁ። መርፌዋ ልኳ ላይ ስትደርስ ግን ጮክ ብለሽ ንገሪኝ፤ የሰማ ይስማ።