ሐሚሲ «ሞቶ» ያለው ሽቦ

ኬንያ፣ ሞምባሳ፤ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ እንዳባራ። ከኮምቦልቻ ከመጡ ወር ያልሞላቸው ባልና ሚስት በተከራዩት ቤት መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ ላቀው መሰላል ላይ ወጥቶ አንገቱን ኮርኒስ ውስጥ አስገብቷል፣ ስንዱ መሰላሉን ይዛለች።

ስንዱ፦ ውረድ አልኩህ! መብራት ሠሪው ሐሚሲ ዕቃ ይዤ እመለሳለሁ ብሎ የለም እንዴ?

ላቀው፦ እሱን ስንጠብቅ ኮርኒሱ አናታችን ላይ ይወርዳል። የሚያፈሰው ቧንቧ ከሽቦው ጀርባ ነው። ሽቦውን ገለል አድርጌ ቧንቧውን በላስቲክ አስረዋለሁ፣ አለቀ።

ስንዱ፦ ትናንት ግድግዳው ነዝሮኝ ክንዴ እስካሁን ደንዝዟል። ጠዋት ደግሞ እዚያው ሥር እንሽላሊት ድርቅ ብላ አገኘሁ። ፈርቻለሁ፣ ላቀው።

ላቀው፦ ለእንሽላሊትም ልታለቅሺ ነው?

ስንዱ፦ መጀመሪያ ቆጣሪውን አጥፋዋ!

ላቀው፦ አከራያችን ቆልፎበት ማሊንዲ ሄዷል። ደግሞስ የሞተ ሽቦ ምን ይጠፋል?

ስንዱ፦ ሞቷል ያለህ ማነው?

ላቀው፦ ራሱ ሐሚሲ! ባትሪውን አበራበትና በጣቱ እያሳየኝ «ሞቶ! ሞቶ!» አለኝ። ከሐበሻ ጋር ሠርቶ መሆን አለበት፤ አማርኛው ጥርት ያለ ነው።

ስንዱ፦ ረጋ ብሎ ነው ያለህ?

ላቀው፦ ኧረ እየጮኸ! እጄን መትቶ ከመሰላሉ አወረደኝ። ምን እንዳስቸኮለው እንጃ።

ስንዱ፦ ቅዳሜ ገበያ የሆንኩትን ነግሬሃለሁ?

ላቀው፦ አሁን የገበያ ወሬ ይወራል? ፒንሳውን አቀብዪኝ።

ስንዱ፦ አላቀብልም፣ ስማኝ። አንዲት ሴትዮ ትልቅ ድስት ተሸክማ «ሞቶ! ሞቶ!» እያለች መጣች። ሰው የሞተባት መስሎኝ ከንፈሬን እየመጠጥኩ ላቅፋት ተጠጋሁ። ሰዎች ጎትተው አስጣሉኝ። ድስቱ ውስጥ የፈላ ሾርባ ነበር።

ላቀው፦ እና?

ስንዱ፦ በእነሱ ቋንቋ «ሞቶ» እሳት ማለት ነው!

ላቀው፦ ሂጂ ወዲያ! እሳት ቢሆን እስካሁን ከሰል አልሆንም? ይኸው በእጄ ይዤዋለሁ፣ ምንም የለም። ይልቅ ማራገቢያውን ለምን አጠፋሽው? ላቡ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

ስንዱ፦ እኔ አላጠፋሁም።

ላቀው፦ ታዲያ ማን አጠፋው?

ስንዱ፦ ዝናቡ ሲጥል መብራት ሄዷል። ሰፈሩ በሙሉ።

ላቀው፦ ...ሄዷል?

ስንዱ፦ ልቀቀው! በእናትህ ልቀቀውና ውረድ!

ላቀው፦ እሺ... ቆይ። የቃል ኪዳን ቀለበቴ የተላጠው ሽቦ ውስጥ ገብቶ ተያዘ።

ስንዱ፦ አውልቀዋ!

ላቀው፦ በዚህ ሙቀት ጣቴ አብጦ እንቢ አለ። አትደንግጪ፤ መብራት ሲመጣ መጀመሪያ ማዶ ነው የሚመጣው፣ ከዚያ ነው እኛ ጋ። ገና ነው። ሳሙናውን ብቻ አቀብዪኝ።

ስንዱ፦ ላቀው... የማዶዎቹ ሬዲዮ መጮህ ጀመረ።