ደጅ ላይ የቆሙት ሁለት ፋይሎች

ከሸዋ ሮቢት ወደ ጀውሃ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ ላፕቶፕ የያዘች ልጅና አንድ ሽንኩርት አምራች አዛውንት ተቀምጠዋል። የእኔም ልጅ ኮምፒውተር ካልተማርኩ እያለች ስለምታስጨንቀኝ ጆሮዬን ጣል አደረግኩ።

«ምን ያስተክዝሻል፣ ልጄ?»

«የመስኖ ተራ በስልክ የሚያሳውቅ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር፣ አባባ። ጀውሃ ስንደርስ ለገበሬዎቹ ማሳየት አለብኝ፤ አሁን ግን አልነሳም አለ።»

«በፊት ይነሳ ነበር?»

«በአንድ ፋይል እያለ ይነሳ ነበር። ሲበዛብኝ ለሁለት ከፈልኩት፤ ተራው ለብቻ፣ መልእክቱ ለብቻ። አሁን ተራው ሊጀምር ሲል መልእክቱን ይጠራል፤ መልእክቱም ሳይጀምር ተራውን ይጠራል።»

«እንደኛ እንደ ሽማግሌዎቹ ናቸው በያ። ሰርግ ቤት ደጅ ላይ ‹እርስዎ ይቅደሙ›፣ ‹ወላሂ እርስዎ ይቅደሙ› ስንባባል ምግቡ ይበርዳል።»

ልጅቷ ሳቀች።

«የሚፈላለጉት የገበሬዎቹ ስም አንዱ ጋ፣ ስልካቸው ሌላው ጋ ስለሆነ ነው። ስሙንም ስልኩንም ሦስተኛ ፋይል ውስጥ ላድርገው፤ ሁለቱም ከዚያ ይውሰዱ።»

«ምግቡን ደጅ ድረስ አወጣሽላቸው።»

«አዎ፣ አባባ። ትንሽ ዝም ይበሉኝ።»

«ዝም ብያለሁ። የእኔንም ስም ከነስልኬ አስገቢው ብቻ።»

ስማቸውንና ቁጥራቸውን ነገሯት። ቁልፎቹን ስትነካካ ቆየች።

«ልሞክረው?»

«ቢስሚላህ ብለሽ።»

የአዛውንቱ ስልክ ኪሳቸው ውስጥ ጮኸ። አውጥተው ከዓይናቸው አራቅ አድርገው ያዙት።

«‹ነገ ውኃው የእርስዎ ነው› ይላል።»

እኔ ልወርድበት የነበረውን ወፍጮ ቤት አልፈነው ነበር።