ደብተሩ እስኪያልቅ

ማክሰኞ ዕለት ከቀትር በኋላ ይርገዱ በእስራኤል፣ ገዴራ ከተማ ውስጥ አንድ የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ ተቀምጣ የትምህርት ሰዓቷን እየጠበቀች ደብተሯን ታጠና ነበር። ቤቷ ቂርያት ማላኪ ነው። ሥራዋ ግን ያቭኔ ካለ የአረጋውያን መኖሪያ ነው፤ አቅመ ደካሞችን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታበላለች። ማክሰኞ ማክሰኞ ከሥራ ስትወጣ ገዴራ ላይ ትወርድና በሰፈሩ የሕዝብ ማዕከል፣ በማትናስ፣ ለጎልማሶች የሚሰጠውን የፈረንሳይኛ ትምህርት ትከታተላለች። ትምህርቱን ከጀመረች ስምንት ወሯ ነው። ሁለት ደብተር ሞልታ ሦስተኛውን አጋምሳለች። ጽሕፈቷ የሚያምር ስለሆነ መምህሯ ለሌሎቹ ተማሪዎች እያሳየች ታመሰግናታለች። ከክፍሉ በር ውጭ ግን ከአፏ አንድም የፈረንሳይኛ ቃል ወጥቶ አያውቅም።

አንዲት ወጣት መጥታ ከጎኗ ተቀመጠች። ማዳመጫዋን ከጆሮዋ አወለቀችና ዓይኗን ወደ ደብተሩ ጣል አድርጋ፣ ፈገግ እያለች፣ በፈረንሳይኛ «ቦንዡር» ብላ ሰላም አለቻት።

ይርገዱ ደብተሩን ከደነችው። ፊቷ ጋለ። መልሱ በመጀመሪያው ደብተር በመጀመሪያው ገጽ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ እሷም ታውቀዋለች። ሆኖም «ደኅና ነሽ ወይ ልጄ?» ብላ በአማርኛ መለሰች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እንደ አገራችን ሰው ወግ ሄደ። የማን ልጅ ነሽ ተባለች። ስሟ ሞራን እንደሆነ፣ የገዴራው የፈንቴ ልጅ እንደሆነች ተናገረች። ፈንቴ ደግሞ በቤኤር ቱቪያ መጋዘን ከይርገዱ ባል ጋር አብሮ የሠራ ሰው ሆኖ ተገኘ። ሞራን ኮሌጅ ገብታ የቋንቋ መምህርነት ትማራለች። ፈረንሳይኛውን ያገኘችው ግን ከኮሌጅ በፊት፣ አሽዶድ አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሳለች፣ ከፈረንሳይ ከመጡት ደንበኞች አፍ ነው።

«እትዬ ይርገዱ፣ ታዲያ ለምን በፈረንሳይኛ አልመለሱልኝም?» አለች ሞራን። «መልሱ አልጠፋዎትም።»

«ገና ነኛ ልጄ። ደብተሩ ሲያልቅ እናገራለሁ። ቋንቋን ግማሹን ይዞ ሰው ፊት መቅረብ እኮ ያልተሰፋ ቀሚስ ለብሶ ሰርግ እንደ መሄድ ነው።»

«ሰፊውስ ቢሆን ቀሚሱን ሳይጨርስ ሰውነትዎ ላይ አድርጎ ይለካው የለም ወይ? ሳይለካ ጨርሶ ቢሰጥዎት ይሆንዎታል?»

ይርገዱ ሳቅ አለች፤ ግን አልተረታችም። ነገሯ ከቀሚስ ይልቅ ሥር የሰደደ ነበርና ለልጅቷ አጫወተቻት። እስራኤል በገባች በሁለተኛው ዓመት ራሷን አሟት ሐኪም ዘንድ ሄደች። በኡልፓን፣ በዕብራይስጥ ማስተማሪያው ቤት፣ «ያመኛል» ማለት ኮኤቭ እንደሆነ ተምራ ነበር፤ መንገዱን ሁሉ እየደጋገመችው ሄደች። ሐኪሙ ፊት ስትቀመጥ ግን ኮኤስ ብላ አረፈችው፤ «ራሴ ተቆጥቷል» ማለት ነው። ሐኪሙ ሳቀ፤ ጸሐፊዋን ጠርቶም ነገራት፤ እሷም ሳቀች። ይርገዱ መድኃኒቷን ተቀብላ ወጣች፤ ከዚያን ቀን ጀምራም በየቢሮው አፏን ዘጋች። ልጇ ዴቪር ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ አስተርጓሚዋ ሆነ። የእናቱን የማኅፀን ሕመም ሳይቀር ለሐኪም ያስረዳው እሱ ነው።

«ዛሬ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በዕብራይስጥ የሚስቅብኝ የለም። ሰው ሆኛለሁ» አለች። «አሁን በስተርጅና ደግሞ ያቺን የሚሳቅባትን ሴት ልሁን?»

ይህን ፍርሃት ከስንፍና የሚቆጥሩት ሰዎች አሉ። ተሳስተዋል። ይርገዱ ሰነፍ አልነበረችም። የቆሰለች ነበረች፤ የቆሰለ ሰው ደግሞ በቆሰለው በኩል መደገፍ አይወድም። ሞራንም ይህን ስላየች ለመምከር አልቸኮለችም። ታዲያ ያንን ዕብራይስጥ የት አገኙት ብላ ጠየቀቻት።

ይርገዱ ለመመለስ አፏን ከፈተች። ኡልፓን ልትል ነበር፤ ግን እውነቱ እሱ አይደለም። ኡልፓን ፊደሉን ሰጥቷታል። ቋንቋውን የሰጠቻት በአትክልት ማሸጊያ ፋብሪካ ውስጥ ከፊቷ የምትቆም የሞሮኮ ሴት ነበረች፤ ካሮት እየለቀመች ቀኑን ሙሉ የምታወራ፣ መልስ እስክትሰጣት የማትለቅ ሴት። ይርገዱ ለሷ ስትመልስ ስንት ጊዜ እንደተሳሳተች ቁጥሩን አታውቀውም። እዚያ ግን ማንም አልቆጠረባትም።

«ከካሮቱ ዘንድ ነው ያገኘሁት» አለች በመጨረሻ፣ ራሷም እየተገረመች።

ሞራን ፈረንሳይኛውስ ለምን አስፈለገዎት አለቻት። ይርገዱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረቻት። በምትሠራበት ቤት ማዳም ፎርቱኔ የሚባሉ ከቱኒስ የመጡ አሮጊት አሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ በዕብራይስጥ ሲጨዋወቱ፣ ስለ ልጅ ስለ ባል ሲመካከሩ ኖሩ። ባለፈው ዓመት አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈሶ ታመሙ፤ ሲያገግሙ ዕብራይስጡ ከነሥሩ ጠፍቶ የልጅነት ፈረንሳይኛቸው ብቻ ቀረ። በቤቱ ውስጥ ፈረንሳይኛ የሚያውቅ የለም፤ አርብ አርብ የምትጠይቃቸው የልጅ ልጃቸው ኤላም ከዕብራይስጥ በቀር አታውቅም። ይርገዱ የተመዘገበችው ለእሳቸው ስትል ነው። አሁን ደግሞ ይኸው ሦስት ሳምንታቸው፣ ከጥቂት ወተትና ሻይ በቀር ምግብ እንቢ ብለዋል። ማንኪያውን በእጃቸው ይገፋሉ። ሐኪሙ እስከ እሑድ ካልበሉ በአፍንጫቸው ቱቦ እናስገባለን ብሏል።

«ምን ይላሉ እሳቸው?»

«ብዙ ይላሉ። አፋቸውን እየያዙ ይጮሃሉ። ሁሉም ቃዡ ይላቸዋል።»

«እርስዎስ ምን ይሰማሉ?»

«አንድ ሁለት ቃል የሰማሁ ይመስለኛል። ግን ተሳስቼስ እንደሆን? ትምህርቱን ልጨርስና...»

«መቼ ያልቃል ትምህርቱ?»

«ከፋሲካ በኋላ።»

«ማዳም ፎርቱኔ ስንት ዓመታቸው ነው?»

«ዘጠና አንድ።»

የሞራን አውቶቡስ ሲመጣ ስልክ ቁጥሯን በደብተሩ ጠርዝ ላይ ጻፈችላትና፣ ነገ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቋቸው፤ ቢሳሳቱ እኔ ላይ ያላክኩ ብላት ሄደች። ይርገዱ ወደ ትምህርት ክፍሏ ገባች። በዚያ ቀን መምህሯ ምን እንዳስተማረች ብትጠየቅ አታውቀውም።

በማግስቱ ጠዋት የቁርስ ሳህን ይዛ ማዳም ፎርቱኔ ክፍል ገባች። አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል፤ የአንገታቸው ጅማት ከሩቅ ይታያል። ይርገዱ ሳህኑን አስቀመጠች። «ርቦዎታል?» ብላ ልትጠይቃቸው ነው፤ በፈረንሳይኛ «ረኃብ አለዎት ወይ?» ይባላል። ረኃብ ፌን ነው፤ ሴት ደግሞ ፋም። ይህን ልዩነት በደብተሯ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች። ጉሮሮዋን ጠረገችና ጠየቀች፤ የጠየቀችው ግን «ሴት አለዎት ወይ?» ብላ ነበር።

ማዳም ፎርቱኔ ከግድግዳው ዞሩ። አፍጥጠው አዩዋት። ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

የይርገዱ እግር ወደ በሩ ሊሄድ ቃጣው። ነገር ግን አሮጊቷ እጇን ያዙ። ሲስቁ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ ሳቁም ጸሐፊ የሚጠራ ሳቅ አልነበረም፤ ቤት ውስጥ ለብቻው ብዙ ጊዜ ተቀምጦ ሰው እንደመጣለት ሰው ያለ ሳቅ ነበር። «ፌን፣ ማ ፊይ፣ ፌን» አሉ፤ «ልጄ» ማለታቸው ነው። ይርገዱ ደገመችው። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ አሁንም አልሆነም። በሦስተኛው ሲሆን እጇን መታ መታ አደረጉላትና፣ አዎ፣ ርቦኛል አሉ።

ርቧቸዋል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ርቧቸው ነበር።

ታዲያ ለምን አይበሉም? ይህን ጥያቄ በፈረንሳይኛ አስተካክላ ማቀናበር አልቻለችም። ሳህኑን አሳየቻቸውና «ለምን?» ብቻ አለች። ማዳም ፎርቱኔ አፋቸውን ከፍተው በጣታቸው እየነኩ ደጋግመው ተናገሩ። ዳን የሚል ቃል ሰማች፤ ጥርስ ማለት ነው። ቃሉ በአካል ክፍሎች ገጽ ላይ አለ። «ጥርስ ያምዎታል?» አለች፤ ዳን ብላ አፏን ይዛ። አሮጊቷ ራሳቸውን ወዘወዙና ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን አውልቀው መዳፏ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ለሕፃን እንደሚነገር፣ አንድ በአንድ ተናገሩ። «ፓ አ ሟ።» የኔ አይደለም።

የኔ፣ ያንተ፣ የሷ፤ ይህ የአራተኛው ሳምንት ትምህርት ነበር።

ይርገዱ ጥርሱን በጨርቅ ይዛ ወደ ነርሷ ሮጠች። ነገሩ ሲጣራ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ጥርስ የሚያድርባቸው ኩባያዎች በጽዳት ጊዜ ተለዋውጠዋል። የጎረቤት ክፍሏ ሴትዮ ጥርስ ማድረግ ስለማይወዱ የማዳም ፎርቱኔ ጥርስ ኩባያው ውስጥ እንዳለ ቆይቷል። ማዳም ፎርቱኔ ደግሞ ያለ ልካቸው የተሠራ ጥርስ ድዳቸውን እያቆሰለው፣ ለመጣ ለሄደው ሁሉ የኔ አይደለም እያሉ ነበር፤ ሰሚ ግን አላገኙም። በዚያን ቀን ቁስሉ ተቀባ፤ በሁለተኛው ቀን ለስላሳ ገንፎ በሉ፤ እሑድ ሐኪሙ ሲመጣ ጥርሳቸውን አድርገው ዓሣ ሲያጣጥሙ አገኛቸውና የቱቦውን ነገር ተወው።

ሁሉም ይርገዱን አመሰገናት። እሷ ግን ምስጋናው አልዋጥልሽ አላት። በሚቀጥለው ማክሰኞ ገዴራ ክፍል ውስጥ ተነሥታ ነገሩን ከነምክንያቱ ተናገረች።

«ዳን የሚለውን ቃል ሦስት ሳምንት በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ» አለች። «ደብተሬ ላይም አለ፤ በጥሩ ጽሕፈት ጽፌዋለሁ። አፌን ዘግቼ ደብተሬን ሳሳምር ግን እኚያ ሴት በረኃብ ሊሞቱ ነበር። ስለዚህ እባካችሁ፣ እንደኔ አትሁኑ።»

ከተማሪዎቹ አንዱ አቶ መንበሩ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ፣ ሥርዓት የሚወዱ ሰው። መጀመሪያ ሰዋስው ካልጸና ስሕተቱ ይለመዳል፤ የተለመደ ስሕተት ደግሞ አይነቀልም ብለው ተከራከሩ። ይርገዱም በትሕትና፣ ሐሳባቸው ከንቱ እንዳልሆነ፣ ደብተሩን እሷም እንዳልጣለችው፣ የአራተኛው ሳምንት ትምህርት ባይኖር ኖሮ የማዳም ፎርቱኔ ንግግር ለእሷም ጩኸት ሆኖ ይቀር እንደነበር አስረዳቻቸው። «ነገር ግን አቶ መንበሩ፣ ፌንና ፋምን በደብተር ሁለት ጊዜ አስምሬባቸው አልለየኋቸውም። አሮጊቷ ስቀው ካረሙኝ በኋላ ግን ብሞትም አልረሳቸውም። ስሕተትን የሚነቅለው የሚሰማ ሰው ነው። ክፍል ውስጥ ደግሞ መምህራችን አንዲት ነች፤ እኛ አሥራ አራት ነን።»

መምህሯ ይህን ስትሰማ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ ተማሪ ከክፍል ውጭ አንድ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ፈልጎ በሳምንት ሁለት ጊዜ እንዲያነጋግር አዘዘች። አቶ መንበሩ እያጉረመረሙ ገዴራ ውስጥ ከፈረንሳይ የመጣ ዳቦ ጋጋሪ አገኙ። በመጀመሪያው ሳምንት የጠየቁትን ትተው ያልጠየቁትን ዳቦ ይዘው ተመለሱ። በሁለተኛው ወር ግን ጋጋሪው ገና ከበሩ ሲያያቸው ወሬ ይጀምራል፤ እሳቸውም ሚስቱ ስለ ወለደችው ልጅ ስም ሳይቀር ይከራከሩታል። ሌላዋ ተማሪ ከሐኪም ቤት ወረፋ ላይ ወዳጅ አፈራች። ሰው የሌለው በስልክ ሞራንን ያነጋግራል፤ እሷም ሳትሰለች ታርማለች።

እነሆ ጥቅሙ ይህ ነው። ከክፍል ውጭ የተነገረ ቃል ከሰው ፊት፣ ከሳቅ፣ ከዳቦ ሽታ ጋር ተያይዞ ስለሚገባ አይጠፋም። ተማሪው ምን እንደጎደለው ያውቃልና ወደ ክፍል የሚመለሰው እውነተኛ ጥያቄ ይዞ ነው። ፍርሃቱም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያለ ይቀንሳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ በሌላኛው ወገን የሚጠብቅ ሰው አለ። ቋንቋ የሚማረው ለሱም ነው።

ጥርሱ በተገኘበት ወር በአንዱ አርብ ኤላ አያቷን ልትጠይቅ መጣች። እስከ ዛሬ አበባ አስቀምጣ፣ ግንባራቸውን ስማ፣ ሃያ ደቂቃ ስልኳን እያየች ተቀምጣ ትሄድ ነበር። አሁን ይርገዱ ከአያቷ ጋር እየተሳሳተች፣ እየታረመች፣ ስታወራ በበሩ ላይ ቆማ አየችና ዓይኗ እንባ ሞላ። ወደ ኮሪደሩ ጠራቻትና በዕብራይስጥ፣ እኔም ልመዝገብ፣ መጽሐፉን የት ነው የምገዛው፣ ከስንት ወር በኋላስ አያቴን ላናግራቸው እችላለሁ ብላ ጠየቀቻት። የምትነግራትን ልትጽፍ ስልኳን አወጣች።

ይርገዱ የልጅቷን እጅ ከነስልኩ ቀስ አድርጋ ወደ ታች መለሰችው።

«ቤሰደር፣ ይሁን፤ ምዝገባውን ማክሰኞ እናደርሳለን» አለቻት። «አሁን ግን ግቢና ቦንዡር በያቸው። ከዚያ የሚሉሽን ድገሚ። ይስቁብሻል፤ አትውጪ።»

ኤላ ቃሉን በከንፈሯ ሁለት ጊዜ ሞከረችው። ከዚያም በሩን ገፋ አድርጋ ገባች።